ድጅኖ ጉልበት አይፈጥርም፦ በመፈንቅል ሥራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ዙሪያ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠራ ያደገ ሰው መፈንቅልን፣ ማለትም በአንድ መደገፊያ ላይ እየዞረ ሸክም የሚያንቀሳቅስ ዘንግን፣ ከትምህርት ቤት በፊት በእጁ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ስንት ድንጋይ ገልብጬ ነው ስህተቴ የገባኝ።

ድጅኖው ጉልበት የሚጨምር መምሰሉ

ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድጅኖ ድንጋይ ሥር እናስገባ። መደገፊያውን ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናደርግ እስከ እጃችን 135 ይቀራል፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ጫፉ ላይ የ90 ኪሎ ክብደት ቢያርፍ የ10 ኪሎ ያህል ጫና ይበቃናል። ይህ ግን ምርቃት አይደለም። ድንጋዩ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል እጃችን 45 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በጉልበት ያተረፍነውን በርቀት ከፍለናል።

መደገፊያውን መናቅ

ድንጋይ እምቢ ሲል ሁላችንም ረጅም ድጅኖ ፍለጋ እንሮጣለን። አንድ ክረምት ድጅኖው ላይ እንደ ዝንጀሮ ተንጠልጥዬ ስታገል አያቴ አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ድጅኖው አላጠረም፤ መደገፊያህ ነው የሸሸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከላይ ባለው ምሳሌ መደገፊያው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን 10 ኪሎው ወደ 22 ኪሎ ተኩል ያድጋል። ደግሞም መደገፊያው የድንጋዩንም የእኛንም ጫና፣ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ሳለ እንኳ በጠቅላላው 100 ኪሎ ይሸከማል። በራሰ ዋልካ አፈር ላይ ትንሽ ጠጠር ካስቀመጥን ድንጋዩ ሳይነሳ ጠጠሩ ይሰምጣል። አያቴ መጀመሪያ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያነጥፉ ነበር።

ክንዳችንን እንደ ድጅኖ መቁጠር

ክንዳችን የድጅኖ ተቃራኒ ነው። መደገፊያው ክርናችን ሲሆን፣ ክንድ የሚያጥፈው ጡንቻ የሚያያዘው ከክርኑ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መዳፋችን ግን 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ መዳፋችን ላይ ላለ 5 ኪሎ ጡንቻው 35 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትታል፣ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር።

ታዲያ ምን አተረፍን? ፍጥነት! ጡንቻው 1 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር መዳፋችን 7 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በቆቦ ሜዳ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ አስቡት፤ ወንጭፉ ክንዱን ያስረዝምለታል፣ ጠጠሩም ወፎቹ ሳያስቡት ይደርሳል። ክንዱ እንደ ድጅኖ ቢሠራ ኖሮ ቋጥኝ ይፈነቅል ይሆናል፣ ወፍ ግን አያባርርም። እሾህ የምናወጣበት ወረንጦም የክንዳችን ዘመድ ነው፤ መሐሉን ይዘን ጫፉን እናሠራዋለን።

«ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ» የሚለውን ብቻ ማመን

ምክሩ ጎዶሎ ነው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ቢያንስ 20 ኪሎ ይመዝናል። ስናነሳው መደገፊያው የወገባችን አከርካሪ ሲሆን፣ የጀርባ ጡንቻዎች ከእሱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ። ጀሪካኑ 50 ሳንቲ ሜትር ከፊታችን ካለ ለእሱ ብቻ 200 ኪሎ ያህል መጎተት አለባቸው፤ ያጎነበሰው ደረታችንና ጭንቅላታችን ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ብናስጠጋው ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል። ጉልበቱን አጥፎ ጀሪካኑን ከጉልበቱ ማዶ የተወ ሰው ግን እምብዛም አላተረፈም። እግርን ግራና ቀኝ ከፍቶ ጀሪካኑን መሐል ማስገባት፣ ከዚያም ደረት ላይ ለጥፎ መነሳት ይሻላል። ምንጭ ወርደው እንስራ የሚሞሉ እናቶች «አሸክሚኝ» የሚባባሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀርባ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ያለው መንገድ ቢያደክምም፣ ወገብ የሚቀጨው ከመሬት ሲያነሱት ነው።

አንድ መሣሪያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ማለት

ዶማ ስንሰነዝር ልክ እንደ ክንዳችን ፍጥነት ይሰጣል። መሬት ውስጥ ገብቶ እጀታውን ስንገፋው ደግሞ ድጅኖ ይሆናል።

ባዶውን የተስተካከለ ሚዛን ማመን

ባለሁለት ሰሃን ሚዛንም መፈንቅል ነው። አንዱ ክንዱ ቢያጥር እንኳ በዚያ በኩል ከበድ ያለ ሰሃን ከተንጠለጠለ ባዶውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ከጠረጠረ ዕቃውንና የሚዛኑን ድንጋይ አለዋውጦ ያስመዝን። በአንዱ ሰሃን 4 ኪሎ፣ በሌላው 9 ኪሎ ቢል (ያን ያህል የደፈረ ነጋዴ ባላይም) ትክክለኛው አማካዩ ስድስት ተኩል አይደለም። 4 ሲባዛ በ9፣ 36 ነው፤ በራሱ ተባዝቶ 36 የሚሰጠው ደግሞ 6 ስለሆነ ዕቃው 6 ኪሎ ይመዝናል።