ጅራታም ኮከብ ከጓሮ ሆነው ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደማቅ ጅራታም ኮከብ ሁሌ አይገኝም። ሲመጣም ለጥቂት ሳምንታት ታይቶ ይሄዳል። ጥርት ያለ ሌሊት በከንቱ ሲያልፍ በጣም ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም።

የት እንደሚታይ ሳያረጋግጡ መውጣት

ጅራታም ኮከብ የሚደምቀው ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ፣ ወይም ልትወጣ ስትል በምሥራቅ ነው፤ ያውም ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳይል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 አጋማሽ ፁቺንሻን-አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብ የታየው ከምሽቱ በምዕራብ በኩል ነበር። እንዲህ ዝቅ ሲል አንድ ዛፍ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ይጋርደዋል። ቀን ላይ ስቴላሪየም በሚባለው አፕ አቅጣጫውን አይተው ትራይፖዱ የሚቆምበትን ቦታ ይምረጡ።

የድምቀት ቁጥሩን እንደ ኮከብ መቁጠር

የከዋክብት ድምቀት የሚለካበት የድምቀት ቁጥር (ማግኒቲዩድ) ባነሰ መጠን ኮከቡ ደማቅ ነው። ግን የጅራታም ኮከብ ብርሃን እንደ ሌላው ኮከብ አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም፤ ተበትኖ ይደበዝዛል። ቁጥሩ 4 የሆነ ኮከብ በዓይን ሲታይ፣ ቁጥሩ 4 የሆነ ጅራታም ኮከብ በመንገድ መብራት ሊዋጥ ይችላል። የግቢውን መብራት ያጥፉ፤ ጨረቃ የሌለችበትን ሰዓት ይምረጡ። ዓይንዎም ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ስልክ ከከፈቱ ልፋቱ እንደገና ከዜሮ ነው።

ፎከሱን ለካሜራው መተው

እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይሄንን ነው። ሌላው ስህተት በኮምፒውተር ትንሽ ይቃናል፤ ፎከስ የሳተ ፎቶ ግን አይድንም። አውቶፎከስ በጨለማ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሌንሱ ላይ ያለችው፣ በጣም ሩቅ ላለ ነገር የምታገለግለው የ«∞» ምልክትም ሁልጊዜ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ አይደለችም። ወደ ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ይቀይሩና ደማቅ ኮከብ ወይም ፕላኔት ይፈልጉ። በካሜራው ስክሪን ላይ እስከቻለው ድረስ አጉልተው፣ ብርሃኗ በጣም ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ቀለበቱን በቀስታ ያዙሩ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ያሽጉት። በጅራታም ኮከቡ በራሱ ላይ ግን አይሞክሩ። ጭንቅላቱ ጭጋግ ስለሚመስል መቼ እንደጠራ አይታወቅም።

ሹተሩን ብዙ ሰከንድ ከፍቶ መተው

መሬት ስለምትዞር ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ) ቢበዛ ስንት ሰከንድ እንደሚከፈት ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር (የትኩረት ርዝመት) ያካፍሉ፤ በ50 ሚሊሜትር 10 ሰከንድ፣ በ200 ሚሊሜትር 2 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። የካሜራው ሴንሰር ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀንሱ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ሰፋ አድርገው ከፍተው አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ከ1600 እስከ 3200 ያድርጉ። አንድ ረጅም ፎቶ ከማንሳት ብዙ አጫጭር አንስቶ በኮምፒውተር እንደ አንድ ፎቶ መደራረብ ይሻላል። ሲደራርቡ ግን ጅራታም ኮከቡ ከከዋክብቱ አንጻር እንደሚንቀሳቀስ አይርሱ። ዲፕስካይስታከር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ለብቻው ማስተካከያ አለው።

ጅራቱን መቁረጥ

ጅራቱ ሁሌም የሚያመለክተው ከፀሐይ በተቃራኒ ነው። ምሽት ላይ ፀሐይ ከታች ስለሆነች ጅራቱ ወደ ላይ ይዘረጋል። በዓይን የማይታየውን ካሜራው ስለሚያወጣው ከላይ ሰፊ ቦታ ይተዉ።

የቀሩት ቀላል ናቸው። በጣት ሲጫኑ ካሜራው ይነቃነቃል፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ይጠቀሙ። በትራይፖድ ላይ የሌንሱን የንዝረት መከላከያ ያጥፉ። በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚቀመጥ ጥሬ ምስል) ያንሱ። በየመሃሉም ሌንሱ ላይ ጤዛ አለመያዙን በቀይ መብራት ይዩ፤ ጤዛ አንዴ ከጀመረ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ ጭጋግ ነው።