ስትጠመዘዝ «ጠቅ ጠቅ» የምትል መኪና፦ ሲቪ ጆይንት እንዴት ይለያል፣ እንዴት ይቀየራል

ጎንደር ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ድምፅ ለምዷል። ኮብልስቶኑ ያንገጫግጫል፣ ዳገቱ ሞተሩን ያስጮኻል፣ አዲስ ድምፅ ሲመጣ በዛ ሁሉ መሀል ይጠፋል። የኔ ቪትዝ ከፒያሳ ስጠመዝዛት ጠቅ ጠቅ ማለት ስትጀምር ሁለት ወር ሙሉ «የኮብልስቶኑ ነው» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ከዛ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ኩሽኔታ ነው» አሉኝ፣ ኩሽኔታው (ጎማው ያለችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገው) ተቀየረ፣ ብሩ ሄደ፣ ድምፁ ግን የት ሄዶ። ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ምን እንደምሰማ ለይቼ አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ለዩት።

በፊት ጎማ የሚሳቡ መኪኖች ላይ ከካምቢዮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ አንድ አንድ ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ሁለት መገጣጠሚያ አለው፣ ሲቪ ጆይንት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጎማው ጋ ያለው፣ የውጪው፣ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ስድስት የብረት ብዮች የያዘ ነው፤ ጎማው ቢታጠፍም ኃይሉ ሳይቆራረጥ እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ካምቢዮው ጋ ያለው፣ የውስጠኛው፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት ተሽከርካሪ ጉጦች አሉት። ሁለቱም በግራሶ ተሞልተው እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ ላስቲክ ተሸፍነዋል። ሚኒባስ፣ ዶልፊን ወይም አባዱላ ከሆነ የምትነዱት በኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፣ የናንተ ጣጣ ክሮቸራ (የረጅሙ ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ነው፣ እሱ ሌላ ስራ ነው።

(በነገራችን ላይ ጣሊያን ህዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የፒያሳን ሕንፃዎች ብቻ አይደለም ትቶልን የሄደው። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፋሼታ... ጋራዥ ውስጥ ዛሬም አፋችን ጣሊያንኛ ነው።)

ጆይንቱን የሚገድለው ብረቱ ራሱ አይደለም፣ ላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ግራሶው ይረጫል፣ አቧራና የክረምት ጭቃ ይገባል፣ የተረፈው ግራሶ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጨዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መሪውን እስከ ጥግ አጥፉና ከጎማው ጀርባ አጎንብሳችሁ እዩ። የቸርኬው የውስጥ ጎን ላይ፣ ከዘንጉ ትይዩ፣ ጥቁር ግራሶ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ካያችሁ ላስቲኩ ተቀዷል። በጣታችሁ ንኩት፤ ሻካራ ከሆነ አሸዋ ገብቷል። ቀዳዳው አዲስ ሆኖ ድምፅ ከሌለ ዕድለኛ ናችሁ፦ ጆይንቱን አጥቦ ላስቲኩንና ግራሶውን ብቻ መቀየር ይበቃል፣ እሱም ከጆይንቱ ጋር ሲተያይ እርካሽ ነው።

ድምፅ ካለ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ አትሞክሩት፣ ያታልላችኋል። ወደ አዘዞ ወረድ በሉና ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ ዝጉ፣ መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ ያዙና ቀስ ብላችሁ ነዳጅ እየሰጣችሁ ክብ ዙሩ። ከዛ ወደ ቀኝ፣ ከዛ ወደኋላ እየሄዳችሁ። ከጎማው ፍጥነት ጋር እየፈጠነ የሚሄድ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ከሰማችሁ የውጪው ጆይንት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከመታጠፊያው በውጪ በኩል ያለው ነው፤ ወደ ግራ ስትዞሩ ከጮኸ ቀኙን ጠርጥሩ።

ቀጥ ባለ ዳገት፣ ለምሳሌ ወደ ጎሃ ስትወጡ፣ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናዋ ከተንቀጠቀጠችና እግራችሁን ስታነሱ ከተወች የውስጠኛው ይሆናል። መታጠፍ ቢኖርም ባይኖርም ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ «ዥዥዥ» ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ላይ ብቻ ኳ ካለ ደግሞ ከስር ያሉትን ክንዶችና አሞርዛተሩን ፈትሹ። እኔ ይቺን ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ብሰጣት ኖሮ የኩሽኔታው ብር ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ዕቃውን ስትገዙ የመኪናውን ሞዴል መናገር ብቻውን አይበቃም። የሁለቱም ጫፍ ጥርስ ብዛት እና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቀለበት መኖር አለመኖሩ ይለያያል። ከተቻለ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን ጎን ለጎን ቁጠሩ። ያገለገለ ከሆነ በእጃችሁ አጣጥፉት፦ ሲንገራገጭ ከተሰማችሁ መልሱለት።

አሁን ስራው። የምነግራችሁ የውጪውን ጆይንት ብቻ መቀየር ነው።

ከተማችን ሜዳ የላትምና መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። መኪናዋ ገና መሬት ላይ እያለች የጎማውን መሃል ክፈቱና የዘንጉን ትልቅ ዳዶ አላሉ፤ ኮፒሊያ ካለው፣ ያቺ የታጠፈች ሽቦ፣ ቀድማችሁ በፒንሳ አውጧት። ቶዮታ ላይ ባለ 30 ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚሰካው ክብ ቁልፍ) ብዙ ጊዜ ይሆናል። ረጅም ቧንቧ ቡሶላው እጀታ ላይ ሰክታችሁ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። የጎማውንም ዳዶዎች አላሉ። ከዛ በክሪክ አንሱና መደገፊያ ብረት ከስር አስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር መግባት ሞት መጥራት ነው።

ጎማውን አውጡ። የታችኛው ክንድ ላይ ቦል ጆይንቱን (ሌላ መገጣጠሚያ ነው፣ ክንዱን ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር የሚያገናኘው) የያዙትን ብሎኖች ስትፈቱ ጎማው የሚታሰርበት ብረት ወደ ውጪ ይለቃል። የኤቢኤስ ሽቦና የፍሬን ቱቦ እንዳይወጠሩ እዩ። ዘንጉ እምቢ ካለ ዳዶውን እስከ ጫፍ መልሳችሁ እንጨት ደግፋችሁ ምቱት፣ ጥርሱን በመዶሻ በቀጥታ ከመታችሁ ግን ዳዶው ዳግም አይገባም። ዘንጉን ወደናንተ አትጎትቱት፣ የውስጠኛው መገጣጠሚያ ይበተናል። በሽቦ አስራችሁ ስቀሉት።

አሮጌውን ላስቲክ ቅደዱና ግራሶውን ጥረጉ። ጆይንቱ ዘንጉ ላይ የተያዘው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ነው። የዚህኑ ጆይንት የውስጥ ክብ በመዶሻ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ውጪ ስትመቱት ይወጣል። አንዳንዱ መኪና ላይ ጭራሽ አይለያይም፣ ያኔ ዘንጉ በሙሉ ይቀየራል፣ የካምቢዮ ዘይትም ይፈሳል።

ዘንጉን በቤንዚን አጥቡ። ቀጥሎ ያለችውን አንብባችሁ እለፉ፦ መጀመሪያ ትንሿን ፋሼታ (የላስቲኩን ማሰሪያ ቀለበት)፣ ከዛ ላስቲኩን ዘንጉ ላይ አስገቡ፣ ጆይንቱ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። እኔ አዲሱን ጆይንት ደብድቤ ካስገባሁ በኋላ ዞር ስል ላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። እሱን መልሶ ማውጣት ከአሮጌው ይብሳል።

ግራሶው ከዕቃው ጋር የሚመጣው ጥቁሩ ነው፣ ሞሊብዲነም ያለበት። ቤት ያለውን ቢጫ አትጠቀሙ። ግማሹን ብዮቹ መሃል ጨምቁ፣ የተረፈውን ላስቲኩ ውስጥ። አዲሱን ቀለበት አድርጋችሁ ጆይንቱን በእንጨት ምቱት፣ ጠቅ ብሎ ሲይዝ ጎትታችሁ አረጋግጡ። ላስቲኩ ውስጥ የታመቀ አየር በካቻቢቴ ጫፍ አስወጡና ፋሼታዎቹን አጥብቁ።

ሁሉንም መልሱ። ዳዶው ላይ በጉልበት አትገምቱ፤ ብዙ ኮሮላዎች ላይ 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የናንተን ከመኪናዋ መጽሐፍ እዩ። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ ከዳዶው መሃል አንድ ሜትር ርቆ በአግድም የቆመ ቧንቧ ጫፍ ላይ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንጠልጠል በግምት እዛው ያደርሳችኋል። ይሄን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አድርጉት። ኮፒሊያዋ አዲስ ትሁን።

ከዛ ወደዛው ሜዳ ተመለሱና ክብ ዙሩ፣ መስኮት ከፍታችሁ።