የእሽቅድምድም ፈረስን እግር ከጉዳት መጠበቅና ያነከሰውን መርዳት፦ ለወሎ ደጋ ፈረስ ባለቤቶች

በደላንታ፣ በመቄትና በለጋምቦ ደጋ ጥምቀት ሲቃረብ ኮርቻው ይወለወላል፣ ልጓሙ ይታደሳል፤ ክረምቱን በግጦሽ የከረመው ፈረስም ገብስ እየተቀለበ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለሽምጥ ግልቢያ ይወጣል። ከዚያ በሜዳው ላይ ፈረሱ ድንገት ሲያነክስ ሰው የሚያማርረው ድንጋዩን ወይም የሰው ዐይንን ነው። በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ የሚደርሰው ከባድ የአጥንትና የጅማት ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ቀን ጉዳት አይደለም። ለሳምንታት ሲጠራቀም የቆየ፣ በእጅ ቢዳሰስ ይታወቅ የነበረ ጥቃቅን ጉዳት መጨረሻው ነው። ስለዚህ ሕክምናውን ከማውሳታችን በፊት ስለ ዝግጅቱና ስለ ዕለታዊ ምርመራው በሰፊው መናገር ያስፈልጋል።

ዝግጅቱን ከኅዳር መጀመር

የፈረስ ሳንባና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይበረታል፤ አጥንቱና ጅማቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ባለቤቶችን የሚያሳስተው ይህ ልዩነት ነው፤ ፈረሱ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ሜዳውን ሲጨርስ ሲያዩ የደረሰ ይመስላቸዋል። አጥንት በሚደርስበት ጫና መጠን ራሱን የሚያጠነክር ቢሆንም፣ አዲሱን ከመገንባቱ በፊት ያረጀውን ስለሚያስወግድ በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንታት ለጊዜው ይዳከማል። ከረዥም ዕረፍት የተመለሰ ፈረስ ለስብራት ይበልጥ የሚጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥምቀት ጥር 11 ቀን ስለሚውል፣ ከኅዳር መጀመሪያ የተጀመረ ልምምድ ዐሥር ሳምንት ያህል ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት በእርምጃና በሶምሶማ፣ በተለይም መለስተኛ ዳገት በማስወጣት ማሳለፍ ይገባል። ቀጥሎ አጭር ደንገላሳ ይጨመራል። ሽምጥ ግልቢያ የሚመጣው በመጨረሻው ወር ነው፤ እሱም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከ200 እስከ 300 ሜትር በሚደርስ ርቀት ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚረዝም መሆን አለበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፍጥነቱንም ርቀቱንም አብሮ መጨመር አይገባም። ከከባድ ግልቢያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት የቀላል እንቅስቃሴ ቀናት ይሁኑ። ይሁን እንጂ ከሽምጥ ጨርሶ ርቆ በእርምጃ ብቻ ተዘጋጅቶ የሚወዳደር ፈረስም ከአደጋ አያመልጥም፤ አጥንቱ ያልለመደውን ጫና የሚያገኘው በውድድሩ ዕለት ይሆናልና።

ዕድሜም ይታሰብ። የመጨረሻዎቹ የዳር የፊት ጥርሶቹ ያልተለወጡ ፈረስ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ከአራት ዓመት በታች የሆነን ደግሞ ፈጽሞ ለእሽቅድምድም አለማውጣት ይመረጣል። የተሸካሚው ክብደት ሌላው የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። በጥቅሉ የሚመከረው ጋላቢውና ኮርቻው በአንድነት ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ሲሆን፣ 250 ኪሎ ለሚመዝን የደጋ ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ ጎልማሳው ባለቤት ለበዓሉ ራሱ መጋለብ ቢፈልግ እንኳ፣ የዕለት ልምምዱን ቀለል ላለ ወጣት ቢተው ለፈረሱ እግር ትልቅ ውለታ ነው።

በጉጉፍቱና በመሰሉት ብርዳማ ቦታዎች በታኅሣሥ ማለዳ መሬቱ በውርጭ ስለሚደርቅ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቆ፣ ፈረሱንም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ አሟሙቆ መጋለብ ያስፈልጋል። ዋልካ አፈር ባለበት ሜዳ ደግሞ በበጋ የሚፈጠረው ስንጥቅ ሰኮና ስለሚይዝ፣ መሮጫው አስቀድሞ በእግር ታይቶ ስንጥቁ ሊደለደል፣ ድንጋዩም ሊለቀም ይገባል። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ በድንገት ስለሚቆምና ስለሚጠመዘዝ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ከሚሮጠው ይልቅ ይጎዳል፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም ባያደርግ መልካም ነው።

ሰኮናና ገብስ

ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ የማነከስ መንስኤም በብዛት የሚገኘው በፊት እግር፣ ከዚያም ውስጥ በሰኮናው ነው። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ብረት ያልተመታለት የደጋ ፈረስ በድንጋያማ መንገድ ስለሚሞረድ ብዙ ጊዜ መቆረጥ የማያስፈልገው ይመስላል፤ ነገር ግን ጫፉ እየረዘመ ተረከዙ ዝቅ ሲል ከኋላ ያለው ጅማት ይወጠራል። ስለዚህ በየ6 እና 8 ሳምንቱ ጫፉን መቀነስ፣ የተሸራረፈውን ጠርዝ በሞረድ ማስተካከል፣ በየማታውም ከሰኮናው ሥር ጠጠርና እበት ማውጣት ተገቢ ነው። በእርጥብ በረት የሚያድር ፈረስ በሰኮናው ሥር መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ሊሸት ይችላል፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ ደረቅ መኝታ ነው።

የገብሱ ነገር ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ፈረስን ለበዓል ለማወፈር በድንገት ብዙ ገብስ ማቅረብ በሰኮናው ውስጥ ያለውን፣ አጥንቱን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር ያያያዘውን ሥጋ የሚያቃጥል ከባድ ብግነት ያስከትላል። እንዲህ የሆነ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውራል፣ መዞር ይከብደዋል፣ ሰኮናዎቹም ይሞቃሉ። ይህ ሲታይ ገብሱን ወዲያው ማቆም፣ ፈረሱን ለማፍታታት ብሎ አለማስኬድ፣ ሰኮናዎቹን በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ማቆየትና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ለመከላከል ገብስ ከሁለት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመር፤ ለ250 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ይሁን፤ ድርቆሹም ከፊቱ አይታጣ።

የማለዳ ዳሰሳ

ፈረሱ ከተጋለበ ማግስት፣ ከበረት ሳይወጣ፣ አራቱም እግሮቹ በእጅ ይዳሰሱ። የእጅ መዳፍ ከጉልበቱ በታች ጀምሮ በቅልጥሙ ፊትና ጀርባ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ የሚፈለገው ሙቀት፣ እብጠትና ሕመም ነው። ከዚያ እግሩ ተነሥቶ ታጥፎ ሳለ በቅልጥሙ ጀርባ የሚወርዱት ጅማቶች በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ተይዘው፣ ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ስንዝር በስንዝር ይጫኑ። ፈረሱ አንድ ጊዜ ቢሸሽ ምናልባት ደንብሮ ይሆናል፤ በዚያው ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ እግሩን ከሳበ ግን ጅማቱ ታሟል። ሁልጊዜ ከሌላኛው እግር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ሁለቱ እኩል ከሞቁ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም በቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚያልፈው የደም ሥር በጣት ጫፍ ይፈለግ። በጤነኛ ፈረስ ላይ ትርታው እምብዛም አይሰማም፤ ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ በሰኮናው ውስጥ ብግነት አለ ማለት ነው።

የትኛው እግር እንደታመመ ለማወቅ ፈረሱ በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ፣ ገመዱ ላላ ተደርጎ፣ በሶምሶማ ይሳብ። በእርምጃና በግልቢያ የማይታየው በሶምሶማ ይታያል። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ ታማሚው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ደግሞ ይደፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚያይ ጤነኛውን እግር ሲያሽ ይውላል። የኋላ እግር ከሆነ በታመመው በኩል ያለው ዳሌ ከሌላው ይልቅ ከፍና ዝቅ ይላል። ሰጋር ፈረስ ግን እግሮቹን በጎን በጎን ስለሚያነሣ ይህ ምልክት ደብዛዛ ነው፤ ለእሱ በጠባብ ክብ ማዞርና ዳሰሳው ይሻላል። ከኮርቻ በታች ያለ የጀርባ ቁስልም አረማመድን ስለሚያበላሽ፣ እግሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጀርባው ይታይ። እግሩ ላይ በተርታ የወጡ፣ እየፈረጡ መግል የሚያወጡ እባጮች ከታዩ ነገሩ የግልቢያ ጉዳት ሳይሆን ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከብርዳማው ደጋ ይልቅ ሞቃትና እርጥበታማ በሆኑ ቦታዎች የሚበረታ ስለሆነ፣ ከቆላ የተገዛ ፈረስ በተለይ ይጠርጠር፤ ከሌሎቹም ይለይ፣ ዕቃውም ለሌላ ፈረስ አይዋል።

ሲያነክስ

ትንሽም ቢሆን ያነከሰ ፈረስ ያን ቀን አይጋለብም። ጅማት ወይም መገጣጠሚያ ከተጎዳ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የቅዝቃዜ ጊዜ ናቸው፤ ፈረሱ በቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ በየጊዜው ለ20 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይቁም። በመካከሉ ጥጥ ወይም ወፍራም ጨርቅ ከሥር ተደርጎ እግሩ ተስተካክሎ ይጠቅለል፤ ያለ ጥጥ የተጠበቀ መጠቅለያ ራሱ ጅማት ይጎዳል። በእነዚህ ቀናት ማሸትና በሙቅ ነገር መያዝ እብጠቱን ያብሳል።

ምስማር ወይም እሾህ ሰኮናውን ከወጋ፣ ሐኪም በቅርብ ካለ ሳይነቀል ቢታይ ይመረጣል። ፈረሱ ረግጦ ይበልጥ የሚያስገባው ከሆነ ግን ይነቀል፤ የገባበት ቦታ፣ ጥልቀቱና አቅጣጫው ተለይቶ ይያዝ። በሰኮናው ሥር መካከል የገባ ምስማር ጅማትና መገጣጠሚያ ሊነካ ስለሚችል አስቸኳይ ነው። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ ተጋላጭ በመሆኑ የክትባቱ ጉዳይ በዚያው ዕለት ይጠየቅ። አምሽቶ ደህና የነበረ ፈረስ ጠዋት እግሩን መርገጥ ካቃተውና ሰኮናው ከሞቀ፣ ከስብራት ይልቅ ብዙውን ጊዜ በሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ ሐኪም ቀድዶ ሲያፈስሰው በሰዓታት ውስጥ ይቀልለዋል።

ጅማትን በጋለ ብረት መተኮስ በአካባቢያችን ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን መተኮስ የጅማትን መዳን እንደማያሻሽል አሳይቷል። የተተኮሰ ፈረስ የሚድነው ቁስሉ እስኪሽር በግድ ስለሚያርፍ ነው፤ ዕረፍቱን ያለ ቃጠሎው መስጠት ይቻላል። የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም በሐኪም መጠን ካልሆነ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው መድኃኒቱን ሰጥቶ ማጋለብ ነው፤ ሕመሙ ጠፍቶ የተሰነጠቀው አጥንት በሽምጥ ላይ ይሰበራል።

እግሩ ከቦታው የዞረ ወይም ጭራሽ የማይረግጥ ፈረስ በሜዳው ላይ ከተገኘ ጋላቢው ወዲያው ይውረድ፣ ፈረሱም አንድ እርምጃ እንኳ አይሂድ። እግሩ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሰኮናው እስከ ጉልበቱ በላይ በሚደርሱ ሁለት ጠንካራ እንጨቶች ይታሰርና ሐኪም ይጠራ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ራጅ ባይኖረው እንኳ ደሴ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ምክር መጠየቅ ይቻላል።

አስቸጋሪው ክፍል መመለሱ ነው። የጅማት እብጠት በጥቂት ሳምንታት ይጎድላል፣ ማነከሱም ይጠፋል፤ ጅማቱ ግን የሚጠነክረው ከ9 እስከ 12 ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። በጥምቀት የተጎዳ ፈረስ ለሚቀጥለው ጥምቀት እንኳ ላይደርስ እንደሚችል ባለቤቱ ከመጀመሪያው ይቀበል። የእንስሳት ሐኪሙ በፈቀደ ጊዜ በቀን 10 ደቂቃ በእጅ ተስቦ በእርምጃ ይጀምር፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨመር፤ ሶምሶማ ከሦስተኛው ወር በኋላ፣ ደንገላሳ ከስድስተኛው በኋላ ይምጣ። በየደረጃው የማለዳው ዳሰሳ ሙቀት ወይም እብጠት ካሳየ፣ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ ሁለት ሳምንት መቆየት ግዴታ ነው።