መኪና የማይበዛበት የኮረብታ መንገድ ለሳይክል ጉዞ እንዴት ይመረጣል?

በኮረብታማ ገጠር በሳይክል መጓዝ የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ብትጠይቁ ይሻላል እላለሁ፦ ይህ መንገድ መኪና የሌለበት ለምንድን ነው?

ባዶ መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ባዶ የሆነው አጠገቡ አዲስ አስፋልት ተሠርቶ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ስለዞረ ነው። ሌላው ለተሽከርካሪ ስለተዘጋ ነው። ሌላው ደግሞ አቀበቱና ጭቃው መኪናውንም ሰውንም ስላባረረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለእኛ ሠርግና ምላሽ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ሳይክላችሁን ስትገፉ ትውላላችሁ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቤት ቁጭ ብሎ፣ ካርታ ላይ ነው።

የምትነሱበትን መንደር መሃል አድርጋችሁ ካርታ ክፈቱ። በኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነፃ የዓለም ካርታ) መረጃ የተሠሩ ካርታዎች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ሳይክልኦኤስኤም የሚባለው የመንገዱን ዓይነትና የከፍታ መስመሮችን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) አብሮ ያሳያል። መጀመሪያ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኘውን ዋና መንገድ ለዩና ተዉት። ቀጥሎ ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ የበለጠ ጠመዝማዛ የሆነ አሮጌ መንገድ ካለ ፈልጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለመኪና መጨረሻው የሆነ መንገድ ነው። አንድ እርሻ ወይም የጫካ ዳር ላይ ደርሶ አስፋልቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በቀጭን የተቆራረጠ መስመር ይቀጥልና ከጀርባው ካለው ሸለቆ መንገድ ጋር ይገናኛል። በዚያ በኩል አቋርጦ የሚያልፍ መኪና የለም፤ የሚያጋጥማችሁ እዚያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው። በአንድ መንደር ዙሪያ እንዲህ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ማገናኛ ካገኛችሁ ጉዞው ግማሹ ተሠርቷል።

የመስኖ ቦይ ጥገና መንገዶችንም እዩ። ውኃው በራሱ እንዲፈስ ቦዩ የሚቆፈረው በጣም በትንሽ ተዳፋት ስለሆነ፣ አጠገቡ ያለው መንገድም ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ማለፍ የተፈቀደ መሆኑን ግን አጣሩ።

ባቡር መሄድ ያቆመባቸውን፣ ሐዲዳቸው ተነሥቶ መንገድ የሆኑ የድሮ የባቡር መስመሮችን ካገኛችሁ አትለፏቸው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ስለሚንሸራተት የድሮ ባቡር ዳገት አይወድም፤ መሐንዲሶቹም ኮረብታውን በዋሻ እየበሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ መስመሩን ከ2 እና 3 በመቶ ተዳፋት በላይ ላለማድረስ ደክመዋል። ያ ድካም ዛሬ ለሳይክል ነጂ ተርፏል። ከ1902 እስከ 1935 ባቡር ይሄድበት የነበረው የኢስትሪያው (በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለ ልሳነ ምድር) ፓሬንዛና፣ ወይም በቤልጂየም፣ በጀርመንና በሉክሰምበርግ 125 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ፌንባን ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ዋሻ ካለ መብራት ያዙ፤ ቀን ነው ብላችሁ አትተዉት።

አሁን ወደ ዳገቱ። የከፍታ መስመሮቹ ተቀራርበው ከታዩ አቀበቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከተራራቁ ለስላሳ ነው። በ100 ሜትር ርቀት 8 ሜትር ከፍ ካለ 8 በመቶ እንላለን። ሻንጣ የጫነ መደበኛ ነጂ እስከ 5 በመቶ ድረስ እያወራ ሊወጣ ይችላል። ከ6 እስከ 8 በመቶ ወሬው ያቆማል፣ ማርሹም የመጨረሻው ላይ ይደርሳል። ከ10 በላይ ሆኖ ረጅም ከሆነ ብዙ ሰው ወርዶ ይገፋል፤ ይህም ምንም ነውር የለበትም።

አማካዩን ግን አትመኑ። «4 ኪሎ ሜትር፣ 5 በመቶ» ተብሎ የተጻፈ ዳገት ውስጡ 14 በመቶ የሆነ 300 ሜትር ሊደብቅ ይችላል፤ ስለዚህ መንገዱን የምታቅዱበትን የስልክ መተግበሪያ የከፍታ ሥዕል አስፍታችሁ ቁራጭ በቁራጭ እዩት። ዋሻና ድልድይ ላይ ደግሞ መተግበሪያው ራሱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የመሬቱን ገጽ ስለሚያነብ፣ በዋሻ የሚያልፈውን መንገድ ጋራውን እንደምትወጡት አድርጎ ይቆጥርላችኋል።

ሌላው መታየት ያለበት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሸንተረር ተከትሎ የሚሄድ መንገድ አንዴ ያስወጣችሁና ከዚያ በኋላ ብዙ አይጨቁናችሁም። ጅረቶቹን እያቋረጠ የሚሄደው ግን በእያንዳንዱ ጅረት ላይ አውርዶ መልሶ ያስወጣችኋል። ካርታ ላይ አጭር ይመስላል፤ እግርን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሰዓቱን ስታሰሉ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ለምሳሌ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። 800 ሜትር መውጣት ካለበት ግን ፔዳል ላይ የምታሳልፉት ብቻ ከ4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል። ዕረፍቱ፣ ፎቶው፣ መንገድ መጥፋቱ ገና አልተቆጠረም።

መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የሳተላይት ምስል ይረዳል። ሁለት ፈዛዛ የጎማ መስመር ሆኖ መሃሉ ላይ ሣር ካለ፣ አልፎ አልፎ ተሽከርካሪ ያልፍበታል፤ ለሳይክል ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ተረስቷል ማለት ነው። መንገዱ የሸክላ አፈር ከሆነ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትሞክሩት፤ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየታጨቀ ጎማው አልዞርም ይላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሸክም ነው። ነዋሪ ስትጠይቁም «መንገዱ ጥሩ ነው?» አትበሉ፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ጥሩ የሆነው ለእናንተ ላይሆን ይችላል። «ትራክተር ያልፍበታል? ከዝናብ በኋላስ?» ብትሉ ይሻላል። መልሱ ወዲያው ይጠራል።

ዙር መንገድ ከሆነ አቅጣጫው ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ምርጫ ኮረኮንቹን ሽቅብ፣ አስፋልቱን ቁልቁል ነው። ሽቅብ ስትሄዱ ፍጥነታችሁ ትንሽ ስለሆነ ድንጋዩን እያያችሁ ታልፋላችሁ፤ ሻንጣ ጭኖ በላላ ጠጠር ላይ መውረድ ግን ከመውጣቱ የበለጠ አደገኛ ነው። ሽቅብም ቢሆን የኋላ ጎማ እንዳይሾር ከኮርቻው አትነሱ። ስትወርዱ ፍሬን የሚያዘው ከመጠምዘዣው በፊት ነው፣ ውስጡ ገብታችሁ አይደለም። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ፍሬኑ ቸርኬውን (ጎማው የተጠለቀበትን ክብ) የሚይዝ ከሆነ ቸርኬው በጣም ሊግል ስለሚችል መሃል ላይ ቆማችሁ አስበርዱት። ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ከመጠምዘዣው ጀርባ ከብት ወይም ትራክተር ሊኖር ይችላል፤ ባዶነቱ አያዘናጋችሁ።

አንዳንድ ጊዜ ሁለት ጥሩ መንገዶችን ለማያያዝ 1 ኪሎ ሜትር ያህል በዋናው መንገድ መሄድ ግድ ይላል። ያን ቁራጭ ቁልቁል እንድትሄዱት አድርጋችሁ አቅዱ። ቁልቁል በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ደቂቃ ነው፣ ሽቅብ በ6 ደግሞ 10 ደቂቃ። ከመኪና ጋር የምትቆዩበት ጊዜ በአምስት እጥፍ ይለያያል።

ስለ ሳይክሉ ብዙ አልልም። ዋናው ቀላል ማርሽ ነው፤ ከፊት ባለ 26፣ ከኋላ ባለ 34 ጥርስ ቢሆን ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ እያዞራችሁ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፣ ጉልበታችሁም ይተርፋል። ጎማው ከ38 ሚሊ ሜትር ባያንስ ለኮረኮንች ደኅና ነው። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ አትርሱ። ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ።

በመጨረሻ፣ አንድ ትልቅ ዙር ከምታቅዱ መንደሩን መሃል አድርጋችሁ ሁለት ትናንሽ ዙሮችን እንደ 8 ቁጥር አያይዙ። ከባዱን ጠዋት ሂዱበት። የመጀመሪያውን ጨርሳችሁ መንደሩ ላይ ስትመለሱ ውኃ ትሞላላችሁ፣ ሰማዩንና እግራችሁን ታያላችሁ፤ ከደከማችሁ ሁለተኛውን ለነገ ታሳድሩታላችሁ።