ለጥር ሳይሆን ለነሐሴ አስሉት፦ በትንንሽ ሶላር ሥራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

መብራት ያልደረሰበት ቦታ መሣሪያ ለመትከል የሚዘጋጁ ልጆች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ዋት ፓኔል ልግዛ?» ነው። የወንዝ ከፍታ መለኪያ ይሁን፣ የዝናብ ጣቢያ፣ የሬዲዮ ሪፒተር ወይም የጥበቃ ካሜራ፣ ጥያቄው ያው ነው። ስሌቱ ግን ከፓኔሉ አይጀምርም። መሣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት እንደሚበላ ሳይታወቅ ገበያ መውጣት የለም።

ዋትን ብቻ አይቶ መግዛት

5 ዋት ለሚበላ መሣሪያ 10 ዋት ፓኔል ገዝቶ «እጥፍ አድርጌለታለሁ» የሚል አለ። መሣሪያው ግን ሌሊትም ይሠራል። 5 ዋት በ24 ሰዓት 120 ዋት-ሰዓት ነው። ያ 10 ዋት ፓኔል ደህና ፀሐይ ባለበት ቀን እንኳ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 40 ዋት-ሰዓት ቢሰጥ ነው።

በበጋ ፀሐይ ማስላት

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ተከላው የሚካሄደው መንገዱ ደረቅ በሆነበት በጥርና በየካቲት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ባትሪው ገና ከምሳ በፊት ሞልቷል፣ ርክክቡ ይፈረማል። ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል።

ሐምሌ ሲገባ ደጋው በደመና ይሸፈናል። ባትሪው ሌሊት የከፈለውን ቀን መልሶ አያገኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ይሄድና ነሐሴ ላይ ጣቢያው ድምፁ ይጠፋል። ያኔ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚፈሱት በዚሁ ወቅት ነው። የወንዝ መለኪያ ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ እዚያ እንዲቆም የተደረገው ለእነዚህ ሳምንታት ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ካልሠራ ታች ላለው ገበሬ «ውኃው እየመጣ ነው» የሚለው አያገኝም። የዓመቱን አማካይ ፀሐይ ይዞ ማስላት እዚህ ያደርሳል። አማካዩ መስከረም ላይ ለሚጻፍ ሪፖርት ይሆናል እንጂ ለባትሪ አይሆንም።

እኔ ለደጋ ቦታ በቀን 3.5 የፀሐይ ሰዓት እይዛለሁ። የፀሐይ ሰዓት ማለት ቀኑ የበራበት ሰዓት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የተገኘው ብርሃን ወደ ሙሉ የቀትር ፀሐይ ቢጠቃለል የሚወጣው ነው። ለአቧራ፣ ለሙቀት፣ ለገመድና ለባትሪ ደግሞ 35 በመቶ እቀንሳለሁ። ለዚያ 5 ዋት መሣሪያ፦ 120ን ለ3.5 አካፍሉ፣ የመጣውን ለ0.65 አካፍሉ፤ 53 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ የዕለቱን ብቻ የሚሸፍን ነው። ከደመናማ ቀናት በኋላ ባዶ የቀረውን ባትሪ የሚሞላ ትርፍ ስለሚያስፈልግ 80 ዋት ግዙ።

ባትሪውም እንደዚያው። አምስት ቀን ያለ ፀሐይ እንዲቆይ 600 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። ሌድ-አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች እያወረዱ መጠቀም ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 100 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የመኪና ባትሪ እዚህ ቦታ የለውም። ሞተር አስነሥቶ ወዲያው እንዲሞላ እንጂ እየተንጠፈጠፈ እንዲሞላ አልተሠራም።

ለማያስፈልግ ነገር ኢንቨርተር ማስገባት

ባትሪው 12 ቮልት ነው። መሣሪያው በ12 ቮልት ይሠራል። መሃል ላይ ግን ኢንቨርተር ይገባና 220 ይደረጋል፣ ከዚያ አዳፕተር ተሰክቶ ተመልሶ 12 ይሆናል። ምክንያቱ መሣሪያው ከነአዳፕተሩ ስለመጣ ብቻ ነው። ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር በቀን 240 ዋት-ሰዓት ይወስዳል፤ የመሣሪያውን እጥፍ። ሣጥን ከፍቼ ይህን ሳይ መጀመሪያ የማወጣው ኢንቨርተሩን ነው። የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ። 12 ቮልት ከሆነ በፊውዝ አድርጋችሁ በቀጥታ አገናኙ። 5 ወይም 9 ቮልት ከሆነም ቮልቴጁን የሚያወርድ ትንሽ ዲሲ መቀየሪያ ይበቃል።

የፈረንጅ አገር አቀማመጥ መኮረጅ

ኢንተርኔት ላይ ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ አይተው ፓኔሉን በ45 ዲግሪ ወደ ደቡብ የሚያቆሙ አሉ። እዚያ ልክ ነው፣ በእነሱ የብርድ ወቅት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ 45 ዲግሪ ያለው ፓኔል ከቀጥተኛው ብርሃን የሚያገኘው ግማሹን ብቻ ነው። 10 ዲግሪ ያለው ከ90 በመቶ በላይ ያገኛል። በደመና ቀን ደግሞ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ጋደም ያለው ፓኔል ይሻላል። ጨርሶ ጠፍጣፋ ግን አታድርጉት፤ ዝናቡ አቧራውን ይዞ የሚወርድበት ተዳፋት ያስፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል።

ጥላ

ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ቆማችሁ እዩ። የአንቴናው ምሰሶ ቀጭን ጥላ እንኳ ፓኔሉን አቋርጦ ካለፈ ምርቱን ክፉኛ ይጥላል። ባሕር ዛፍ በአቅራቢያ ካለ ደግሞ ዛሬ ያለበትን ቁመት ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደርስበትን አስቡ።

ቀጭን ሽቦ

ምልክቱ ይታወቃል። መሣሪያው ቀን በደንብ ይሠራል፣ ሊነጋጋ ሲል ዳታ ሊልክ ይነሣና ይጠፋል። ተመልሶ ይበራል፣ ሊልክ ሲል እንደገና ይጠፋል። ሰው ሞደሙን ይለውጣል፣ ሲም ካርዱን ይለውጣል። ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 20 ሜትር ርቆ 2 አምፔር የሚስብ ሞደም፣ ደርሶ መልሱ 40 ሜትር ስለሆነ፣ 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ያጣል። ሌሊቱን ሲከፍል ላደረ ባትሪ 1 ቮልት ብዙ ነው። ሽቦውን 4 ካሬ አድርጉት፣ ካልሆነም ባትሪውን መሣሪያው አጠገብ አምጡት።

ያልተገጣጠመ ኮንትሮለር

ኮንትሮለር ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። ለቤት ጣሪያ የሚሆን 250 ዋት ትልቅ ፓኔል በርካሹ ፒደብሊውኤም (PWM) ኮንትሮለር ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ካገናኛችሁት ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ስለሚያወርደው ከግማሹ በላይ ይባክናል። ወይ ለ12 ቮልት የተሠራ ፓኔል ግዙ፣ ወይ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር የሚቀይረውን ኤምፒፒቲ (MPPT) ኮንትሮለር።

የቦታውን አየር መርሳት

አፋር ላይ ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ዕድሜውን መቁረጥ ነው። ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ ውርጭ ባለበት ቦታ ብርዱ ሲመጣ ቻርጁን የሚያቆም መከላከያ ያለው ይሁን።

የዘበኛውን ስልክ አለመቁጠር

ጣቢያውን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ከባትሪው ይሞላል። የልጁንም ያመጣል። የጎረቤትም ይመጣል። መሐንዲሶቹ ይቆጣሉ፣ ሣጥኑን ይቆልፋሉ፣ ከዚያ ሽቦው ተልጦ ይገኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። መብራት በሌለበት አገር ፓኔል ተክሎ ስልክ አትሙላ ማለት ልክ አይደለም። ፓኔሉን ከወፍ ኩስ የሚያጸዳው፣ ከብት ሲጠጋ የሚያባርረው፣ የመሣሪያው መብራት ሲጠፋ ደውሎ የሚነግራችሁም እሱ ነው። ለአንድ ስማርት ስልክ በቀን 15 ዋት-ሰዓት ያዙ፤ ሦስት ስልክ ከሆነ 45። ስሌቱ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት። ዩኤስቢ ያለው የራሱ መስመር አውጡለት፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ባትሪው 12.4 ቮልት ሲደርስም ያ መስመር ብቻ እንዲቆረጥ አድርጋችሁ አስተካክሉት። የቀረው ለመሣሪያው ይቆያል።