የተሻለኝ ባደረግሁት ነገር ነው ወይስ በራሱ ጊዜ? የማጣሪያ መንገድ

አንድን ነገር በገዛ እጃችን ስናደርግ፣ ተከትሎ የመጣውን ውጤት ያመጣነው እኛ እንደሆንን ማመን ይቀናናል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤለን ላንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የ1 ዶላር የሎተሪ ትኬታቸውን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች እንዲሸጡት ሲጠየቁ በአማካይ ከ8 ዶላር በላይ ጠይቀዋል፤ ሌላ ሰው መርጦ የሰጣቸው ግን 2 ዶላር ገደማ በቂያቸው ነበር። የማሸነፍ ዕድሉ ለሁሉም እኩል መሆኑ ግምታቸውን አላረመውም።

ጉንፋንን እንውሰድ። ዳማከሴ ጨምቀን በቡና የምንጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲበረታ ነው፤ ጉንፋን ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከበረታ በኋላ ያለ መድኃኒትም መብረድ ስለሚጀምር፣ ምስጋናው ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ ለጠጣነው ነገር ይሆናል። ይህን ለማጣራት በደብተር ላይ አራት ሳጥን ይሥሩ፦ ወስጄ ተሻለኝ፣ ወስጄ አልተሻለኝም፣ ሳልወስድ ተሻለኝ፣ ሳልወስድ አልተሻለኝም። የቤተሰቡን ሁሉ ጉንፋን ቢመዘግቡ ቁጥሩ ቶሎ ይጠራቀማል። ከወሰዱት 20 ጊዜ በ15ቱ፣ ካልወሰዱት 8 ጊዜ ደግሞ በ6ቱ ተሽሏል እንበል። 15 ከ6 ጋር ሲነጻጸር ዳማከሴው የሠራ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን 75 በመቶ ስለሆኑ ልዩነት አልታየም። አእምሯችን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሳጥን ነው፣ ፍርዱ ያለው ግን ማንም በማይመዘግባቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ ነው።

«ተሻለኝ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ፣ ለምሳሌ በአምስተኛው ቀን ሳል ከሌለ ብለው፣ አስቀድመው ይጻፉ። የሚወስዱበትንና የሚተዉበትን ጊዜም ሳንቲም ጥለው ይወስኑ፤ በስሜት ከመረጡ የሚወስዱት ሲብስብዎ ብቻ ይሆናልና ንጽጽሩ ይበላሻል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን በምንም ዓይነት ለዚህ ሙከራ አይቋረጥ።

ጭንቀት በበዛበት ሰሞን ደግሞ ፍርድዎን ያዘግዩ። ተመራማሪዎቹ ዊትሰንና ጋሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ነገሮች ከቁጥጥራቸው ውጭ እንደሆኑ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች ትርጉም በሌለው ነጠብጣብ ውስጥ እንኳ ምስል ይታያቸዋል። በእንዲህ ያለው ወቅት መመዝገብዎን ይቀጥሉ፣ ሳጥኖቹን የሚያነጻጽሩት ግን ከተረጋጉ በኋላ ይሁን።