ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ ስክሪን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኮርኒስ ውስጥ የሚደበቅ የፕሮጀክተር ስክሪን በደንብ ሲገጠም ደስ ይላል። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ጨርቁ ከጠባቧ ክፍተት ቀስ እያለ ይወርዳል። ፊልሙ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ክፍሉም መልሶ ሳሎን ይሆናል። ችግር ሲመጣ ግን ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ሞተሩ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ጥፋት የሞተሩ ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው። ጨርቁ የሚጠቀለልበት ሳጥን ተንጋዷል፣ የተንጠለጠለበት ነገር አይችለውም፣ መውጫው ጠቧል፣ ወይም ሽቦው ያለ አግባብ ተያይዟል። ሞተር ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ምልክቱን ረጋ ብላችሁ እዩት።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። መሰላል ላይ ወጥታችሁ ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ፤ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋግጡ። በሪሞት ማቆም ማጥፋት አይደለም። ሳጥኑን ማውረድ ካለባችሁ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የ100 ኢንች ስክሪን (ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ) ምስሉ ብቻ 221 ሴንቲ ይሰፋል፤ ሳጥኑ ከዚያም ይረዝማል። አንድ ሰው መሀሉን ብቻ ይዞ ሲታገል ውስጥ ያለው መጠቅለያ ቱቦ ሊጎብጥ ይችላል፤ ከጎበጠ በኋላ ማቃናት አይታሰብም።

ጨርቁ ላይ ሞገድ ይታያል

ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ፊልም ላይ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። ኳስ ስታዩ ግን ካሜራው ወደ ጎን በዞረ ቁጥር የሜዳው መስመር ይታጠፋል።

መጀመሪያ የሞገዱን ቅርጽ ለዩ። ፕሮጀክተሩን አጥፉ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ከጨርቁ ጎን ጠጋ አድርጋችሁ አብሩ። ብርሃኑ ገጹን እየዳበሰ ሲሄድ እያንዳንዱ ሽብሽብ የራሱን ጥላ ይጥላል።

ሽብሽቡ ከላይኛው ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ መሀል የሚወርድ ከሆነ ሳጥኑ ውሃ ልኩን ስቷል ወይም ተጣሟል። መጣመሙ ከመንጋደዱ በላይ የተለመደ ነው። ሶሌታው ወይም እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ አይሆንም። ገጣሚው ግን ሳጥኑ ከላይኛው ገጽ ጋር እስኪጣበቅ ብሎኖቹን ያጠብቃል። ያኔ ላሜራው የሶሌታውን ጉብታ ይዞ ይጎብጣል፤ ቱቦውም አብሮ ይጨናነቃል። አጭር ውሃ ልክ እዚህ ላይ ያታልላል፤ መሀሉ ላይ ስታስቀምጡት ልክ ነው ይላችኋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሩ ወይም ሌዘር ተጠቀሙ። ሳጥኑ ከፊት ወደ ኋላ ማዘንበሉንም በሁለቱም ጫፍ ለኩ፤ ግራው ወደ ፊት፣ ቀኙ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተጣሟል ማለት ነው።

መፍትሄው ማጥበቅ ሳይሆን ማላላት ነው። ሁሉንም ብሎን ትንሽ ፍቱ። ሳጥኑ በራሱ ቅርጽ ይመለስ። ከዚያ ክፍተት ባለበት ቦታ ሁሉ ስስ ላሜራ ወይም ሮንዴላ እየከተታችሁ መልሱት። ጥርስ ባለው ረጅም ዘንግ የተንጠለጠለ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ከላይና ከታች ያሉትን ዳዶዎች በማዞር በሚሊ ደረጃ ማስተካከል ይቻላል። ከጨረሳችሁ በኋላ ጨርቁን አውርዳችሁ አንድ ቀን ተዉት። ወዲያው አትፍረዱ፤ ጨርቁ የድሮ እጥፋቱን ለመርሳት ጊዜ ይፈልጋል።

ሞገዶቹ ከላይ እስከ ታች የቆሙ ከሆኑና የጎን ጠርዞቹም ወደ ውስጥ ከታጠፉ ግን ሳጥኑን አትውቀሱ። የጨርቁ ባሕርይ ነው። በጎን ምንም የማይወጥረው ጨርቅ በስፋቱ ልክ እየባሰበት ይሄዳል። ክፍሉ ሞቅ ባለበት ሰዓት አውርዶ ማቆየት ትንሽ ይረዳል። ካውያና የፀጉር ማድረቂያ ግን በፍጹም፤ የስክሪኑን ሽፋን ያበላሻሉ።

በጎንና በጎን ቀጭን ገመድ ያለው የሚወጠር ዓይነት ከሆነ ከታችኛው ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ማስተካከያ ብሎን ፈልጉ። ሁለቱንም እኩል፣ ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩና ጠብቁ። አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቃችሁ አዲስ ሰያፍ ሽብሽብ ትፈጥራላችሁ።

የእኔን አስተያየት ካላችሁ፣ ከ100 ኢንች በላይ ለሆነ ስክሪን ያልተወጠረውን አልመክርም። ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ የሚያበራ ፕሮጀክተር ላላችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ብርሃኑ ጨርቁን በሰያፍ ስለሚመታው በዓይን የማትታይ ሞገድ እንኳ ምስሉ ላይ ጎልታ ትወጣለች።

ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል

ጨርቁ ሲወርድ ደህና ነው፤ ሲወጣ ግን ጠርዙ ወደ አንዱ ጎን እየሾለከ የሳጥኑን ግድግዳ ይፍቃል። ምልክቱ ጠርዙ ላይ የሚታይ መላጥ ወይም ጥቁር ጭረት ነው። መንስኤው በአብዛኛው ያው ውሃ ልክ ነው፤ ከላይ ባልነው መንገድ አስተካክሉት። እስክታስተካክሉ ግን አትጠቀሙበት፤ የተላጠ ጠርዝ አይጠገንም።

የታችኛው ዘንግ መውጫው ላይ ይሰናከላል

እዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ።

ዘንጉ ገብቶ ከኮርኒሱ በታች ትንሽ ተንጠልጥሎ ከቀረ የላይኛው መቆሚያ ልክ፣ ማለትም ሞተሩ ጠቅልሎ የሚቆምበት ቦታ፣ ዝቅ ብሏል። በተቃራኒው ሲገባ "ጓ!" ብሎ ሳጥኑን የሚመታ ከሆነ ልኩ ከፍ ብሏል። ይኼኛው አደገኛ ነው፤ ሞተሩ በየቀኑ ጨርቁን እየጎተተ ከዘንጉ ያላቅቀዋል። ብዙ ሞተሮች ጫፋቸው ላይ ሁለት ትንንሽ የማስተካከያ ብሎኖች አሏቸው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። በትንሽ ቁልፍ ሩብ ዙር አዙሩ፣ አስኪዱት፣ እዩ፣ ድገሙ። ብሎን የሌላቸው በሪሞቱ ይስተካከላሉ፤ አሠራሩ መመሪያው ላይ አለ።

የታችኛውን ልክ ስታስተካክሉ አትስገብገቡ። ጨርቁ አልቆ ቱቦው መዞሩን ከቀጠለ በተቃራኒው አቅጣጫ መጠቅለል ይጀምራል። ገጹ ከሳጥኑ ጋር ይፋተጋል። ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ጨርቅ ቱቦው ላይ ይቅር።

ሦስተኛው የኮርኒሱ ጥፋት ነው። ሲገጠም ጥሩ የነበረ ስክሪን ከቀለም በኋላ መሰናከል ከጀመረ የመውጫውን ከንፈር በጣታችሁ ዳብሱት። የደረቀ የስቱኮ ጉብታ ወይም የቀለም ጠብታ ታገኛላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ግን ጨርቁን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ። ጂፕሰሙ መሀል ላይ ረገብ ብሎ ክፍተቱን ካጠበበው ግን መፋቅ አይበቃም። ከንፈሩን ከጀርባው በብረት ወይም በሞራሌ ማጠንከር ያስፈልጋል።

ሞተሩ አይነሳም

ደጋግማችሁ ስታወጡና ስታወርዱ ቆይታችሁ ድንገት ከቆመ ምናልባት አልተበላሸም። እነዚህ ሞተሮች ለአጭር ሥራ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ሳያቋርጡ 4 ደቂቃ ያህል ከሠሩ በኋላ ሙቀት ሲበዛባቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ግማሽ ሰዓት ተዉትና ሞክሩ። ልክ ሲያስተካክሉ ውለው "ሞተሩ ተቃጠለ" የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠማቸው ይኼ ነው።

እምም የሚል ድምፅ እያሰማ የማይዞር ከሆነ ወይ ዘንጉ የሆነ ቦታ ተይዟል፣ ወይ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ደክሟል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው አቅጣጫ ሽቦ ላልቷል ወይም የመቆሚያ ልኩ ተዛብቷል። ወደ ላይ ሲባል የሚወርድ ከሆነ የሁለቱ አቅጣጫ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ብሬከሩን አጥፍቶ ማቀያየር ነው።

አንድ ስህተት ግን ሞተሩን በእርግጥ ይገድለዋል። ጨርቁን የሚያወጣውና የሚያወርደው ሽቦ አንድ ላይ መብራት እንዲያገኙ ማድረግ። የግድግዳ ማብሪያና የሪሞት መቀበያ በየፊናቸው ከሞተሩ ጋር ሲያያዙ ይህ ይከሰታል፤ አንዱ ውጣ ሲል ሌላው ውረድ ይላል። ማብሪያው በመቀበያው በኩል ይለፍ፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጫን የማያስችል ዓይነት ይሁን። ስክሪንና መጋረጃ በአንድ ማብሪያ ላይ በቀጥታ ማሰርም አይቻልም፤ የአንዱ ሞተር ኤሌክትሪክ ተመልሶ ሌላውን ይነካዋል። ለየአንዳንዱ መለያ ሪሌይ (የሞተሮቹን መስመር የሚነጣጥል ማብሪያ) ይግባለት። ይህን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ስጡት።

ሪሞቱ ከቅርብ እንጂ ከሩቅ አይሠራም

ባትሪውን ቀይራችሁ ካልሆነ ሳጥኑን ጠርጥሩ። ላሜራ የሬዲዮ ሞገድ ይጋርዳል። በ433 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ መቀበያ ቀጭን አንቴና ሽቦ አለው፤ ገጣሚው ብዙ ጊዜ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። አውጡትና ከብረት አርቃችሁ ቀጥ አድርጉት። በብርሃን የሚሠራ ሪሞት ከሆነ ደግሞ መቀበያ ዓይኑ ክፍሉን ማየት አለበት፤ ከኮርኒሱ በታች ብቅ ይበል።

ኮርኒሱ ይንጫጫል፣ ወይም በመውጫው ዳር ይሰነጠቃል

ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት መልኮች ናቸው፦ ሳጥኑ ጂፕሰሙን ነክቷል ወይም በጂፕሰሙ ላይ ተደግፏል። ጂፕሰም ቦርድ ሰፊና ስስ ስለሆነ የሞተሩን ንዝረት እንደ ከበሮ ቆዳ ያጎላዋል። ስክሪኑ ሲሄድ መዳፋችሁን ኮርኒሱ ላይ አድርጉ፤ ንዝረቱ ከተሰማችሁ ተነካክተዋል። በሳጥኑና በኮርኒሱ መካከል ጥቂት ሚሊ ክፍተት ይኑር፤ በማንጠልጠያዎቹ ላይም ጎማ አስገቡበት።

ስንጥቁ እየረዘመ ከሄደ ስክሪኑን መጠቀም አቁሙ። ክብደቱ በሙሉ ወደ ሶሌታው ወይም ወደ ዋናው እንጨት መሄድ አለበት። ለኮንክሪት የብረት ፊሸር፣ ለእንጨት ጠንካራ ረጅም ብሎን። በጂፕሰሙ ወይም በስሱ የኮርኒስ ብረት ላይ የተሰቀለ ስክሪን አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል። ቦታ ጠበበን ብላችሁም ጣሪያ የተሸከመ እንጨት አትቁረጡ። ኮርኒሱን በዚያ ቦታ ዝቅ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ምስሉ ከፍ ብሎ አንገት ያሳምማል

ይህ ከመግዛት በፊት የሚፈታ ሒሳብ ነው። ኮርኒሱ 260 ሴንቲ ከፍታ ላይ ነው እንበል። የ100 ኢንች ምስል ቁመቱ 125 ሴንቲ ነው። የምስሉ ግርጌ ከወለሉ 80 ሴንቲ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የምስሉ ራስ 205 ላይ ያርፋል። ከኮርኒሱ እስከ ምስሉ 55 ሴንቲ ይቀራል፤ ያንን የሚሞላው ከምስሉ በላይ ያለው ጥቁር ጨርቅ ነው። ስክሪኑ አጭር ጥቁር ብቻ ካለው ልኩን በማስተካከል አታወርዱትም። ረዘም ያለ ጥቁር ያለው ማዘዝ ነው ያለው አማራጭ።

ምስሉ ወደ አንድ ጎን ከጠበበ ደግሞ ወደ ፕሮጀክተሩ ማስተካከያ ከመሄዳችሁ በፊት ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ ጋር ፊት ለፊት መሆኑን በሜትር ለኩ። በሶፍትዌር ማቃናት ጥራት ይቀንሳል።

ማንም ሳይነካው ይወዛወዛል

መስኮቱ ተዘግቶም ጨርቁ የሚነቃነቅ ከሆነና በመውጫው ዳር ጥቁር የአቧራ መስመር ከታየ አየር ከጣሪያው ሥር በሳጥኑ በኩል እየገባ ነው። የሳጥኑን ጀርባና የሽቦ ቀዳዳዎቹን ከላይ በኩል ድፈኑ። ጨርቁ ላይ ያረፈውን አቧራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳትጫኑ ጥረጉ።

ኮርኒሱ ገና ካልተዘጋ

ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን፦ መጀመሪያ ሳጥኑና የመብራት መስመሩ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ስቱኮው፣ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ጨርቁና ሞተሩ። ጨርቁ ለብቻው የሚገባ ካልሆነ መውጫውን በቴፕ አሽጉት፤ የስቱኮ ብናኝ አንዴ ጨርቁ መሀል ከተጠቀለለ ገጹን ይፍቀዋል። በሞተሩ ጫፍ በኩል ደግሞ ክንድ የሚያስገባ የሚከፈት መስኮት ተዉ። የመቆሚያ ብሎኖቹም፣ የሽቦው መገናኛም እዚያው ይሁኑ።